የአይብ ስፍርና ሚዛን፤ ከአዲሱ ገበያ እስከ ጫንጮ

ከገበያ አንድ ሳህን ሙሉ አይብ ገዝተው፣ ቤትዎ ሲደርሱ ሳህኑ ጎድሎ፣ ከሥሩም አጓት አቁሮ አግኝተውት አያውቁም? ምናልባት «ባለአይቧ አታለለችኝ» ብለው አዝነው ይሆናል። ወይም በውጭ አገር የምትኖር እህትዎ የላከችልዎትን የምግብ አሠራር ይዘው፣ «2 ኩባያ አይብ» የሚለው ስንት ግራም እንደሆነ ግራ ገብቶዎት ይሆናል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ትምህርቱን ያገኘሁት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ነው። ስለዚህ እርስዎም አብረውኝ ከአዲሱ ገበያ ተነሥተው፣ የእንጦጦን ዳገት ወጥተው፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጠው እስከ ጫንጮ እንዲጓዙ እጋብዝዎታለሁ። ለጉዞው የሚያስፈልገን አንድ ኩባያ፣ አንዲት ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛንና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

በቅድሚያ ግን ለምን ወደዚያ እንደሄድኩ ልንገርዎ።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ታናሽ እህቴ ተዳረች። የመልሱ ድግስ በእናታችን ቤት ስለነበር፣ የወጡንም የእንጀራውንም ሥራ ዘመድና ጎረቤት ተከፋፍሎ ያዘው። የአይቡ ነገር የእኔ ድርሻ ሆነ። የተጠራው እንግዳ 120 ነው። እናቴ በመዳፏ እያሳየች «ለአንድ ሰው ይህን ያህል ይበቃዋል» አለችኝ። እኔም ያንን 100 ግራም ብዬ ገመትኩና ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ አሰላሁ። 120 ጊዜ 100 ግራም 12 ኪሎ ነው። እስከዚህ ድረስ ስሕተት አልነበረበትም። ስሕተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃ 1 ሊትሩ 1 ኪሎ እንደሆነ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁና፣ አይብም ያው ነው ብዬ፣ 12 ሊትር የሚይዘውን የቤታችንን ባልዲ ለደንበኛችን ሰጥቼ «ይህን ሞልተው ያምጡልን» አልኳቸው።

ደንበኛችን ከጫንጮ ወዲያ ካለ መንደር በየ15 ቀኑ ቂቤና አይብ ይዘው የሚመጡ፣ ከእናቴ ጋር ከአሥር ዓመት በላይ የተዋወቁ ሴት ነበሩ። እንደ ቃላቸው ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ባልዲው አፉ ድረስ ሞልቶ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ነበር። እናቴ አመስግና ከፈለች፤ ቡና ጠጥተውም ተመለሱ።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ባልዲውን ስንከፍተው አይቡ ከአፉ ከአንድ ጋት በላይ ወርዷል። ሲጨለፍ ደግሞ ከሥሩ አጓት ወጣ። አጓቱን አጥልለን አይቡን በየሰዉ ትሪ ላይ ማደል ጀመርን። 65 ሰው ገደማ እንደደረሰው ባልዲው ባዶ ሆነ። በድንኳኑ ጫፍ የተቀመጡት፣ ይልቁንም የሙሽራው ዘመዶች፣ ዶሮ ወጡን ያለ አይብ በሉ። ማንም ቃል አልተናገረም። እናቴ ግን ያን ቀን አንገቷን ደፍታ ዋለች። መቼም ድግስ የደገሰች እናት ይህን ታውቀዋለች፤ የተትረፈረፈው ሁሉ ተረስቶ የጎደለው አንዱ ነገር ብቻ ነው የሚታያት።

ደንበኛችን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ልማዳቸው በሩን ሲያንኳኩ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። «አምነንዎት ነበር እኮ፤ ውሃና አየር ሸጡልን» አልኳቸው። ሴትዮዋ መልስ አልሰጡኝም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዘንቢላቸውን አነሡና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወደ ደጃችን አልመጡም። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «የአሥር ዓመት ደንበኛዬን በአንድ ባልዲ ለወጥሽብኝ» አለችኝ።

ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ከወራት በኋላ፣ በራሴ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ዋሽንግተን የምትኖረው ታላቅ እህቴ የላዛኛ አሠራር ልካልኝ ነበርና ለልጄ ልደት ልሠራው ተነሣሁ። በወረቀቱ ላይ «2 ኩባያ ሪኮታ፣ 2 ኩባያ የተፈቀፈቀ ሞዛሬላ» ይላል። ሁለት ኩባያ ግማሽ ሊትር ያህል ነው፣ ግማሽ ሊትርም ግማሽ ኪሎ ነው በሚለው በዚያው በድሮ ሒሳቤ፣ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ሪኮታው ልክ ሆነ። ሞዛሬላው ግን ገንዘቤን ጨርሶ ላዛኛውን ቅባት በቅባት አደረገው። በማግሥቱ የተረፈውን ሞዛሬላ ፈቅፍቄ በኩባያ ሰፈርኩና በሚዛን ላይ አኖርኩት። ሁለት ኩባያው 225 ግራም ብቻ ሆኖ ተገኘ! እኔ የጨመርኩት ከሚፈለገው እጥፍ በላይ ነበር። ለካ ኩባያው የሚይዘው አይቡን ብቻ አይደለም፤ በፍቅፋቂው መካከል ያለውንም አየር አብሮ ይይዛል። ያን ጊዜ ባልዲው ትዝ አለኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው የሄዱት ሴትም ትዝ አሉኝ።

ወደ ጫንጮ

በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ይህ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ባሕር ዳር የሚዘልቀው የጎጃም መንገድ ነው። ገና ከከተማው ሲወጡ ዳገቱ ይጀምርዎታል። በግራና በቀኝ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ከጫካው ውስጥ ከቁመታቸው የሚረዝም የእንጨት ሸክም በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ወደ ከተማው ይወርዳሉ። የእነርሱ ሸክም በስፍርም በሚዛንም ሳይሆን በእስር ነው የሚሸጠው። የእስሩ ክብደት ስንት እንደሆነ የምታውቀው የተሸከመችው ወገብ ብቻ ናት።

ዳገቱን ጨርሰው ወዲያ ሲሻገሩ አየሩ ይለወጣል፤ ብርዱ መስኮቱን ዘልቆ ይገባል። ከፊትዎም የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ካሉት ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆኗል። አትሌቶቻችን በማለዳ የሚሮጡበትም ስፍራ ነው። ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በጥቅምትና በኅዳር ግን ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሹም በጭነት መኪና ተጭኖ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ላሉት ላሞች ይሄዳል። በዚያ ጠዋት ሁለት ዓይነት ጭነት አየሁ። አንደኛው መኪና ድርቆሹን እንዲያው ቆልሎ ስለጫነ ተራራ አክሎ ይወዛወዛል። ሁለተኛው ደግሞ ድርቆሹን በማሽን ጠቅጥቆ፣ በገመድ አሥሮ ደርድሮታል። ከአጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ያ ትልቁን አይተሽ እንዳትሸወጂ፤ ላም የምትበላው ይኸኛው ውስጥ ነው የሚበዛው» አሉኝ። የሄድኩበትን ጉዳይ ሳይነገራቸው ያወቁብኝ መሰለኝ።

ጫንጮ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደጋ ስለሆነ በጥቅምት ጠዋት እጅዎን ከጋቢ ውስጥ ማውጣት ያስጠላዎታል። ብርዱ ግን ለወተት ሥራ ጥሩ ነው፤ ቂቤው አይቀልጥም፣ አይቡም ቶሎ አይኮመጥጥም። የገበያውን የቂቤና የአይብ ተራ ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ የወይራ ጢስ የጠገበው የወተት ዕቃ ሽታ ራሱ ይመራዎታል። ሴቶቹ በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ አይብን ባዱ ይሉታል፤ «ባዱ! ባዱ!» እያሉ ይጠሩዎታል። አንዷ በጣሳ ትሰፍራለች። ሌላዋ በሳህን ቆልላ በዓይን ትሸጣለች። ሦስተኛዋ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በጥቅል ታስማማለች። ቂቤ የሚገዙት ነጋዴዎች ግን ሚዛን አንጠልጥለው ነው የሚመጡት። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በአንድ ተራ ላይ ቂቤው በሚዛን፣ አይቡ ግን በስፍር ይሸጣል። ከከተማ የመጣ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ካየ መሳሳቱ አይቀርም።

ደንበኛችንን ከረድፉ መጨረሻ አገኘኋቸው። አዩኝ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ሳህናቸው መለሱ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል እጄን ያዙኝና «ተይ፣ ተይ ልጄ። እናትሽ ደህና ናት?» አሉኝ። ደህና መሆኗን ነገርኳቸው። ከዚያም «እማማ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ስሕተት ነው። የተሳሳተው ሒሳቤ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም «ባልዲ አላችሁኝ፤ ባልዲ ሞላሁ። ኪሎ ብትሉኝ ኖሮ ኪሎ አመጣ ነበር» አሉኝ። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነበር። እኔ በልቤ ኪሎ እያሰብኩ በአፌ ባልዲ ተናገርኩ፤ እርሳቸውም በሰሙት ሠሩ።

በእማማ ጓሮ

ገበያው ሲቀዘቅዝ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ፤ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። «አይብ ከምን እንደሚወጣ ሳታይ አትሂጂ» አሉኝ። በእርግጥም እኛ የከተማ ሰዎች አይቡን የምናውቀው ከሳህን ወዲህ ነው። ከሳህን ወዲያ ያለውን ስናውቅ ግን ስለ ዋጋውም ስለ ክብደቱም ያለን አሳብ ይለወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የየዕለቱ ወተት በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀምና ረግቶ እርጎ ይሆናል። እርጎው ይናጣል፤ ቂቤው ተለይቶ ይወጣል። የሚቀረው አሬራ ነው። አሬራው በሸክላ ድስት ለስ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል፤ መፍላት የለበትም። እማማ ጣታቸውን እየነከሩ ሙቀቱን ይለካሉ። ቀስ በቀስ ነጩ ነገር እየተሰበሰበ ከአጓቱ ይለያል። ያን ጊዜ ድስቱ ይወርድና ሳይነካ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል፤ በመጨረሻም አጓቱ ተጠልሎ አይቡ ይቀራል። አጓቱም አይጣልም፤ ይጠጣል፤ ለጥጆችም ይሰጣል።

የወተት ጉዳይ አጥኚዎች እንደሚያስቀምጡት፣ 1 ኪሎ አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል። ይህን በሰማሁ ጊዜ እርሳሴን አወጣሁ። የእህቴ መልስ 12 ኪሎ አይብ የሚፈልግ ከነበረ፣ 96 ሊትር ወተት ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። አንዲት ያገራችን ላም በቀን 1 ሊትር ተኩል ብትታለብ ይህን ያህል ወተት ለመስጠት 64 ቀን ይፈጅባታል። እማማ ያን ባልዲ ለመሙላት የራሳቸው አሬራ ስላልበቃ ከአራት ጎረቤት ለምነው እንደሰበሰቡ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ «አየር ሸጡልን» ያልኩት ይህን ድካም ነበር።

ከዚያ በኋላ ከቦርሳዬ ኩባያዬንና ትንሿን ሚዛን አወጣሁ። እማማ ሳቁ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ከበቡን። ባዶውን ኩባያ ሚዛኑ ላይ አኑረን ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስነው። በመጀመሪያ ውሃ ሞላንበት፤ 250 ግራም አለ። እንግዲህ ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው። ውሃውን ደፍተን አይቡን በማንኪያ እያነሣን፣ ሳንጠቀጥቀው እስኪሞላ ጨመርን፤ 165 ግራም አለ። ከዚያ በማንኪያው ጀርባ እየጫንን፣ የጎደለውን እየሞላን ጠቀጠቅነው፤ 240 ግራም ደረሰ። አንዱ ኩባያ፣ አንዱ አይብ፣ አንዷ ሰፋሪ ናቸው፤ ልዩነቱ ግን 75 ግራም ሆነ። በመካከሉ የነበረው አየር ነው።

ቀጥለን 1 ኪሎ አይብ መዝነን በንጹሕ ነጠላ ቋጠርነውና ከድስት በላይ ሰቀልነው። እማማ ቡና አፈሉ። ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ አውርደን ስንመዝነው 820 ግራም ሆነ፤ 180 ግራሙ አጓት ሆኖ ድስቱ ውስጥ ወርዷል። ይህም አያስደንቅም፤ አይብ ሲመረመር ከመቶው 79 ያህሉ ውሃ፣ ወደ 15 የሚጠጋው ፕሮቲን ሆኖ ይገኛል። ሳይጠለል የተመዘነ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከዚህም ይበዛል። እንግዲህ ከእማማ ጓሮ ይዤው የተመለስኩት ትምህርት ይህ ነው፦ ስፍር አየርን ይደብቃል፣ ሚዛን ደግሞ ውሃን ይደብቃል። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው በሌላው ይሳሳታል።

የባልዲውንም ሒሳብ እዚያው ሠራነው። 12 ሊትር ማለት በእኔ ኩባያ 48 ነው። 48 ጊዜ 165 ግራም 7 ኪሎ ከ920 ግራም ይሆናል። አጓቱ ሲወጣለት ወደ 6 ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ይህም ለ65 ሰው 100 ግራም 100 ግራም ይደርሳል። ልክ በመልሱ ቀን የሆነውን ነው። ከባልዲው የጎደለ ምንም ነገር አልነበረም።

ለወጥ ቤትዎ

አሁን ደግሞ እርስዎ በቤትዎ ሊሠሩበት የሚችሉትን እነሆ።

በመጀመሪያ ዘወትር የሚጠቀሙበትን አንድ ኩባያ ወይም ብርጭቆ ይምረጡና ውሃ ሞልተው ይመዝኑት። የውሃው ግራም የኩባያዎ ሚሊ ሊትር ነው። ቀጥሎ በዚያው ኩባያ የተጠለለ አይብ ጠቅጥቀው ሞልተው ይመዝኑና ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ከመደርደሪያዎ በር ላይ ይለጥፉት። ከዚያ ወዲያ ኩባያዎ ራሱ ሚዛን ይሆንልዎታል። አይቡን ሁልጊዜ አጥልለው፣ ሁልጊዜ ጠቅጥቀው ይስፈሩ፤ አንድ ቀን ጠቅጥቀው ሌላ ቀን ቆልለው ከሰፈሩ ግን የጻፉት ቁጥር አይረዳዎትም።

ሚዛን ከሌለዎት አይጨነቁ። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት መካከሉን በገመድ አሥረው ያንጠልጥሉ፤ በሁለቱም ጫፍ፣ ከመካከሉ እኩል በራቀ ቦታ፣ እኩል የሆኑ ሁለት ፌስታሎች ይስቀሉ። በአንዱ ፌስታል ውሃ የሞላ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ የጠርሙሱ የራሱ ክብደት በጣም ጥቂት ስለሆነ 500 ግራም ነው ማለት ይቻላል። እንጨቱ እስኪስተካከል ድረስ በሌላው ፌስታል አይብ ቢጨምሩ ግማሽ ኪሎ አገኙ ማለት ነው። የ1 ሊትር ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ 1 ኪሎ ይሆናል።

በአሜሪካ የተጻፈ የምግብ አሠራር ሲደርስዎ፣ የእነርሱ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሚይዝ ይወቁ። በዚህ ኩባያ የተጠለለና ደህና የተሞላ አይብ 225 ግራም ያህል ይመዝናል። ሪኮታ 245 ግራም፣ በዳቦ ላይ የሚቀባው ለስላሳ የክሬም አይብ 230 ግራም ገደማ ነው። እነዚህ እርጥብና ለስላሳ ስለሆኑ አየር አይበዛባቸውም፤ ክብደታቸውም ለውሃ ይቀርባል። የተፈረፈረ ፌታ ግን 150 ግራም ነው። በመፈቅፈቂያ የተፈቀፈቀ ሞዛሬላ ወይም ቼዳር 113 ግራም ብቻ ይሆናል። ደቆ የተፈቀፈቀ ፓርሜዛን 100 ግራም ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው 5 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ «1 ኩባያ አይብ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ በመጀመሪያ «የትኛው አይብ?» ቀጥሎም «የተፈቀፈቀ ነው ወይስ ድፍን?» ብለው ይጠይቁ።

ፎርማጆ ሲገዙ ደግሞ ሒሳቡን ወደ ኋላ ይሥሩት። ግማሽ ኪሎ ድፍን ፎርማጆ ሲፈቀፈቅ ከ4 ኩባያ በላይ ይወጣዋል። ለአንድ ላዛኛ 2 ኩባያ ከተባሉ ሩብ ኪሎ ገዝተው ለልጅዎ ዳቦ የሚሆን ትንሽ ይተርፍዎታል። እኔ ይህን ባለማወቄ የሁለት ላዛኛ ገንዘብ በአንዱ ላይ አወጣሁ። ለሪኮታው ፋንታ ያገራችንን አይብ መጠቀም የሚፈልጉ እንደሆነ፣ መጀመሪያ በጨርቅ ቋጥረው ለጥቂት ሰዓት ይስቀሉት፤ የሚመዝኑት ግን ከተጠለለ በኋላ ይሁን። ሳይጠለል ከገባ አጓቱ በምድጃው ውስጥ ወጥቶ ምግቡን ያቀጥነዋል። ለአይብ በጎመንም ቢሆን የተጠለለ አይብ ይሻላል፤ ጎመኑ ራሱ ውሃ አያጣምና።

ድግስ ላለብዎት ደግሞ ሥርዓቱ ይህ ነው። የእንግዳውን ቁጥር ለአንድ ሰው በሚያስቡት ግራም ያባዙ። የተጠለለ አይብ የሚገዙ ከሆነ ያንኑ ያዝዙ። ትኩስ አይብ ከሆነ ግን ለአጓቱ አንድ አምስተኛ ይጨምሩበት፤ 12 ኪሎ የሚያስፈልግዎት 14 ኪሎ ተኩል ያህል ይዘዙ። ትእዛዙን በባልዲ ሳይሆን በኪሎ ይስጡ፤ ሲረከቡም ከሻጯ ፊት ይመዝኑ። ይህ አለማመን አይደለም። እርስዎንም እርሷንም ከኋላ ቅሬታ ያድናል። ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ እንደሚወጣ አስበውም ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይንገሯት፤ ላሟ በአንድ ሌሊት አትታለብምና። ዋጋውንም ሲከራከሩ ይህችን 8 ሊትር አይርሷት።

ከሰዓት በኋላ ስነሣ፣ የመዘንነውን አይብ በሙሉ ገዛሁ፤ በኪሎ። ሒሳቡን ከፍዬ ስጨርስ እማማ ወደ ውስጥ ገቡና በኮባ የተጠቀለለ ሌላ አይብ አምጥተው ዘንቢሌ ውስጥ ከተቱ። በልማዴ ሚዛኑን ላወጣ እጄን ስሰድ «እሱን አትመዝኝው፤ ምርቃት ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ለእናቴ ሰላምታ ነገሩኝ፣ መረቁኝም። በጫንጮ መንገድ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ ጭጋጉ እየወረደ ነበር። ዘንቢሌ ከመምጫዬ ይልቅ ከብዶኛል፤ ልቤ ግን ቀሎኛል።

እናቴ ጥቅሉን በፈታችው ጊዜ ምንም አልተናገረችም። አንድ ቁራሽ እንጀራ ቆርሳ በአይቡ አጠቀሰችና ቀመሰች፤ «የእሷ እጅ ነው» አለች። በ2012 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ክርስትና ሲነሣ አይቡን ያመጡት እማማ ናቸው። 8 ኪሎ አዘዝን፤ 8 ኪሎ መጣ፤ በደጃችን ላይ ሁላችንም እያየን ተመዘነ። ከጎኑ ደግሞ ሳይመዘን ወደ ወጥ ቤት የገባ አንድ የኮባ ጥቅል ነበር።

እርስዎም በዚህ ሳምንት አይብ ሲገዙ ኩባያዎን አንዴ ይመዝኑት። ያገኙትን ቁጥርም ለጎረቤትዎ ይንገሯት። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ መልካም ማዕድ ይሁንልዎ።